በጨርቅ የተጠቀለለ፣ አንድ

ቄሰ ገበዝ ገብረየሱስ የጥድ በር ማርያምን ሥዕል ጢማቸው ሳያቀመቅም ተረክበው ጢማቸው እስኪሸብት ጠብቀዋታል፤ መልኳን ግን አንድ ቀን እንኳ አይተው አያውቁም። ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ከሳቁት መካከል ሊፈርዱባቸው ወንበር ስበው የተቀመጡ ስለነበሩበት፣ ነገሩን ከሥሩ መናገር ግድ ይላል።

ጥድ በር ማርያም ከዘመሮ በእግር የወጣ መንገደኛ ጓሳን ከፊት ለፊቱ ሲያይ የሚያገኛት፣ ዙሪያዋን በጥድ የተከበበች የገጠር ደብር ናት። ሥዕሏ በእንጨት ላይ የተሣለች፣ እንደ መጽሐፍ የምትከፈትና የምትዘጋ ባለ ሁለት ክንፍ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ በሦስት ጨርቅ ተጠቅልላ በዕቃ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ትቀመጣለች፤ የምትወጣው በጥር ለአስተርእዮ ማርያም በዓል ብቻ ነው። ገበዙ በቅድስቱ ደጃፍ ቆመው የመጨረሻውን ጨርቅ ሲገልጡ ካህኑም ሕዝቡም ግንባሩን መሬት ያስነካል። ስለት የተሳለችው እናት፣ ዓይኑን የታመመው ሽማግሌ፣ ሁሉም ባጎነበሰበት በረከቱን ይቀበላል፤ ጨርቁ ሲመለስ ደወል ይደወላል፤ ያን ጊዜ ቀና ይላል። የሚገልጡት ገበዝ ራሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በንጉሥ ፊት ዓይኑን የሚያፈጥ ሰው ባለጌ ነው፤ በንጉሥ እናት ፊት የሚያፈጥማ ምን ሊባል ነው? የደብሩ ሰው አሳብ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለበትም።

ገበዝነቱን ያወረሷቸው አጎታቸው መምሬ ኪዳነ ወልድ ነበሩ። ያወረሷቸውም በዕቃ ቤቱ ጨለማ ውስጥ፣ ያለ ብዙ ንግግር ነው። የወንድማቸውን ልጅ እጅ ይዘው ከቀኝ ክንፏ ጀርባ፣ ከታችኛው ጠርዝ ላይ አሳረፉት። እዚያ እንጨቱ ጎድጉዷል። ሠዓሊው የሠራው አይደለም፤ ከዘመን ዘመን የተረካከቡ ገበዞች አውራ ጣት እያረፈበት እንደ ማንኪያ ያለሰለሰው ስፍራ ነው። የወጣቱ አውራ ጣት ገብቶ ተስተካከለ።

‹‹በዓይንህ አትፈልጋት፤ እጅህ ያውቃታል›› አሉት መምሬ ኪዳነ ወልድ።

ከዚያ ወዲያ ያለው የቄሰ ገበዝ ሕይወት የማንኛውም መንዜ ሕይወት ነው። ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ፣ ተከልሎ የሚጠበቀው የጓሳ ሣር በደንቡ መሠረት ሲከፈት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ወጥተው ያጭዳሉ፤ ባለቤታቸው እማማ ሸዋረግ የበጉን ጠጉር ፈትለው ባና የሚባለው ብርድ ልብስ ይሠራል፤ ውርጭ ሲመታቸው ይጾማሉ፣ ሲሰምርላቸውም ይጾማሉ። የሌላ ሰው ሕይወት ውስጥ የሌለው አንድ ነገር፣ በአንገታቸው ከማተባቸው ጋር የተንጠለጠለው የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ብቻ ነበር።

ኢሕአዴግ አገሩን በያዘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቅርስ መዝጋቢዎች ወደ ጥድ በር መጡ። ትሑታን ወጣቶች ነበሩ። መስቀሉን ለኩ፣ ወንጌሉን ገልጠው ፎቶግራፍ አነሡ፣ ደወሉን መዘገቡ፤ በመጨረሻም ሥዕሏ እንድትገለጥላቸው ጠየቁ። ደብሩ ከጥዱ ሥር ተሰብስቦ መከረ፤ አስተርእዮ ሳይሆን፣ ለዚያውም ለፎቶግራፍ፣ አትገለጥም ተባለ። ቃሉን ለእንግዶቹ የማድረሱ ድርሻ የቄሰ ገበዝ ነበር። አደረሱት። ያን ቀን በደረታቸው ውስጥ የተሰማቸው ኩራት ነበር፤ ይህንንም ለማንም አልሸሸጉም። መዝጋቢዎቹ አልተቆጡም። ከወንጌሉና ከደወሉ ቀጥሎ ‹‹በጨርቅ የተጠቀለለ፣ አንድ›› ብለው ጽፈው ሄዱ። መንግሥት ስለ ጥድ በር ማርያም ሥዕል እስከ ዛሬ የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ሥዕሏ የተሰረቀችው ከዚያ ወዲህ ባለው በአንዱ ክረምት ነው። መቆለፊያው አልተሰበረም፤ ግድግዳው አልተነደለም። ሣጥኑ ሲከፈት ሦስቱ ጨርቆች ተጣጥፈው ተገኙ። ሌባው ወንጌሉንም መስቀሉንም አልነካም፤ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ደብሩን ያንገበገበው ግን የጨርቆቹ መታጠፍ ነበር። እንዲህ አሳምሮ የሚያጣጥፍ የቤት ሰው ነው ተባለ። ከመሐል ሜዳ የመጡት ፖሊሶች የሥዕሏን መልክ ጠየቁ፤ ከሽማግሌ እስከ ሕፃን መልስ የሰጠ የለም። ፖሊሶቹ እርስ በርሳቸው ተያይተው፣ ሕዝቡ ሌባውን እየሸሸገ ነው ብለው ተመለሱ።

ያ ዘመን የግምገማ ዘመን ነበር። ሰው በአደባባይ ቆሞ ስለ ራሱ ይጠየቃል፤ ጎረቤቱም ያጋልጠው ዘንድ ይበረታታል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ፋንታሁን፣ በቄሰ ገበዝ እጅ ተጠምቆ ያደገ ሰው፣ ቄሰ ገበዝን በሕዝብ ፊት አቆማቸው። ቁልፉ በማን አንገት ነበር ብሎ ጠየቀ፤ በእኔ አሉ። ሌላ ቁልፍ አለ ወይ አለ፤ የለም አሉ። እንግዲያው መልኳን ይንገሩን፣ እንፈልጋት አለ፤ አላውቀውም አሉ።

‹‹ነገ እማማ ሸዋረግ ቢጠፉም መልካቸውን አላውቅም ሊሉን ነው?›› አለ ፋንታሁን።

ሕዝቡ ሳቀ። ከዚያ ሕዝብ መካከል መልኳን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ በየዓመቱ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ የኖረ ሕዝብ ነው። ሁሉም ያላወቀውን አንዱ ባለማወቁ ተከሰሰ፤ ከሳሾቹም ይህን ለማስተዋል ጊዜ አልወሰዱም። እማማ ሸዋረግ ባላቸው አንገታቸውን ደፍተው ቤት ሲገቡ፣ ‹‹ምን ዋሸ? እኔንም ቢሰርቁኝ ምልክቴን አያውቁም›› አሏቸው፤ ሊያስቋቸው ብለው ነው። ሳቁላቸው። ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ አልሳቁም።

አልታሰሩም፤ ከክህነታቸውም አልተሻሩም። የተደረገባቸው ነገር ቀላል ስለሚመስል፣ አድራጊዎቹ እስከ ዛሬ እንደ በደል አይቆጥሩትም። ሰው መስቀል ሊሳለም ይቀርባቸውና ከንፈሩ መስቀሉን ሳይነካ ይመለሳል። ይኸው ነው። ይህን የሚያይ ተሳላሚውና አሳላሚው ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ምን እንደ ተደረገ ያውቃሉ።

ነገሩ እንዲህ ባለበት የወንድማቸው ተዝካር ደረሰ። የሟቹ ልጅ እስከዳር በአዲስ አበባ በሰው ቤት ትሠራለች፤ ለአባቷ ተዝካር መጥታ ያየችውን ተናገረች። አሠሪዎቿ በዕረፍት ቀን የሥዕል ማሳያ ሲጎበኙ ሕፃን አሳዝለዋት ሄዳ ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ ባለ ሁለት ክንፍ የማርያም ሥዕል በመስታወት ተከልሎ አየች፤ ከሥሩ ‹‹መንዝ›› የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። የኛዋ ናት ለማለት አልደፈረችም፤ በምን ታውቃት? ደብሩ ግን አንድ ቃል በቃው። ቄሰ ገበዝ ሄደው እንዲያመጧት፣ ለአስተርእዮ እንድትደርስም ተወሰነ።

‹‹ይዘዋት ከመጡ ንጹሕ ነዎት›› አለ ፋንታሁን ሲሸኛቸው። ‹‹ካልመጡም እናውቃለን።››

ቄሰ ገበዝ ሥዕሏን የሚነካውን የውስጠኛውን ጨርቅ በብብታቸው ይዘው በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። መንገዱን ሁሉ ያሰቡት አንድ ነገር ነበር። እኔ ባላውቃት እርሷ ታውቀኛለች፤ በእጄ የኖረች እናት በአሕዛብ ቤት ስታየኝ አንድ ነገር ታደርጋለች። ምን እንደምታደርግ ለራሳቸው አልወሰኑም።

እስከዳር አንድ ቀን ፈቃድ አገኘች። የቤቱን አድራሻ አታስታውስም፤ የምታስታውሰው የብረት በርና ደረጃ ነው። የብረት በርና ደረጃ ያለው ቤት ደግሞ አዲስ አበባ ሞልቷታል። መጀመሪያ የገቡት ትልቅ ሙዚየም ነበር። ቄሰ ገበዝ ከደጃፉ ጫማቸውን አወለቁ። ዘበኛው፣ ‹‹አባ፣ እዚህ ቅዳሴ የለም፤ ጫማዎን ያድርጉ›› ብሎ ሳቀ። አደረጉ፤ ውስጥ ሲገቡ ግን ከበሮ፣ ጽና፣ የመጾር መስቀል፣ በመካከሉ ተገልጦ የቀረ መጽሐፈ ግንዘት አዩና፣ በጫማ ቅድስት እንደ ገባ ሰው ተሳቀቁ። ከየመስታወቱ ሥር ያለውን ጽሑፍ ጎንበስ እያሉ አነበቡ። ‹‹የተገኘበት ቦታ፦ ያልታወቀ።›› ቀጥሎ ያለውም ያልታወቀ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም።

ያልታወቀው በማን ዘንድ ነው? መስቀል ከሰማይ አይዘንብም፤ ግንዘት በሜዳ አይበቅልም። እያንዳንዱ ዕቃ ከአንድ ደብር ተነሥቷል፤ ያ ደብር ምን እንደ ጎደለው ጠንቅቆ ያውቃል፤ በዚያም ደብር ቁልፍ በአንገቱ ያንጠለጠለ አንድ ሰው ቆሞ ተጠይቋል። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ‹‹ያልጠየቅነው›› ብሎ መጻፍ ይችል ነበር፤ በፊደልም ቁጥር ብዙ አይበልጥም። ቄሰ ገበዝ እንዲህ አላሰቡም። እርሳቸው ያሰቡት ስለ ሌሎቹ ገበዞች ነው፤ ሰው የነርሱንስ መስቀል እንዴት ይሳለም ይሆን ብለው።

ትክክለኛውን ቤት ያገኙት ከቀትር በኋላ ነው። የግል ማሳያ ነው፤ የፊተኞቹ ክፍሎች በዘመናይ ሠዓሊዎች ሥራ የተሞሉ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ራቁቷን የተጋደመች ሴት የሚያሳይ ነበር። እስከዳር ደንግጣ የአጎቷን እጅጌ ሳበች።

‹‹በዚህ በኩል ነው አባባ፤ ያንን አይዩት።››

‹‹መች አየሁት? እኔ ባለማየት የታወቅሁ ሰው ነኝ›› አሉ ቄሰ ገበዝ።

እየሳቀች መጨረሻው ክፍል አስገባቻቸው። እዚያ ሳቋ ተቋረጠ። በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ያሉት ባለ ሁለት ክንፍ ሥዕሎች ሦስት ነበሩ። ሕፃን አዝላ ስታልፍ የመጨረሻዋን ብቻ አይታ ነበር፤ አሁን ሦስቱም በረድፍ ቆመዋል፤ ከሥራቸው ያለው ጽሑፍ ግን አንድ ነው። ‹‹ማርያም ከልጇ ጋር፤ መንዝ።››

ቄሰ ገበዝ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ‹‹አባባ፣ ካላዩማ ለምን መጣን?›› አለቻቸው። ገለጡ።

አንዷ ፊቷን ወደ ልጇ ዘንበል አድርጋለች። አንዷ ግንባሯ ላይ ኮከብ አለ። የሦስተኛዋ እግር ሥር፣ ሥዕሉን ያሣለው ሰው ተደፍቶ ይታያል። የሦስቱም ጠርዝ ጧፍ ባጤሰው ጥቀርሻ ጠቁሯል። ቄሰ ገበዝ በየተራ ፊት ለፊታቸው ቆሙ፤ ጠበቁ። ሦስቱም እንደማያውቁት እንግዳ ከቄሰ ገበዝ አናት በላይ አሻግረው ይመለከታሉ። ጨርቁን ከብብታቸው አውጥተው በመስታወቱ ላይ ዘረጉት፤ ለሦስቱም ልክ ነበር።

ጨርቁን አይቶ የቤቱ ኃላፊ መጣ። በዕውቀቱ ይባላል፤ የተማረ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ክፋት አልነበረበትም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ፤ በክፉ ሰው መሸነፍ ቢያንስ ስም አለው። ወንበር አቀረበላቸው፣ ውኃ አስመጣ፣ እስከ መጨረሻው ሰማቸው።

‹‹አባቴ፣ አላመንኩዎትም አይደለም›› አለ። ‹‹ግን አንድ ምልክት ይንገሩኝ። ሳትጠፋ በፊት የሚያውቁትን፣ የልብሷን ቀለም፣ የልጁን እጅ፣ ማንኛውንም።››

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ የሚያስቆጣውም ትክክለኛነቱ ነው። ሥዕሎቹን ይዞ ወደዚህ ቤት የመጣው ሻጭ ይህ ጥያቄ አልቀረበለትም። ከየት አመጣህ ሲሉት ‹‹መንዝ›› አለ፤ ያ በቃ፤ ቃሉም በካርቶን ታትሞ ከመስታወቱ ሥር ተለጠፈ። የሌባ ቃል ጽሑፍ ሆኖ በተሰቀለበት ክፍል ውስጥ፣ የገበዙ ቃል ማስረጃ እንዲያቀርብ ተጠየቀ።

ቄሰ ገበዝ ስለ አውራ ጣቱ ስፍራ ነገሩት። በዕውቀቱ በእውነት አደመጠ፤ ጎንበስ ብሎ ከጎን በኩል ተመለከተ። የሦስቱም ሥዕል የታችኛው ጠርዝ እንዳይወድቅ በብረት መያዣ ተነክሷል፤ የሚፈለገው ስፍራ ከብረቱ ሥር ነው።

‹‹ክፈትልኝ፤ ጣቴን ላሳርፍ›› አሉ ቄሰ ገበዝ። ‹‹አንዲት እስትንፋስ ታህል ብቻ። ዓይኔን እጨፍናለሁ።››

‹‹ቁልፉ እኔ ዘንድ የለም። ባለቤቱ ውጭ አገር ናቸው።›› አለ በዕውቀቱ፤ ‹‹ቢኖርም፣ አባቴ፣ ሥዕል በእጅ አይነካም። የእጅ ላብ ያበላሸዋል።››

ቄሰ ገበዝ እጃቸውን አገላብጠው አዩት።

በዕውቀቱ ስልክ ሊደውል ወጣ፤ ተመልሶ ሲገባ ሣጥኑ እንደማይከፈት ነገራቸው። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልተጠበቀ ነገር አለ። ባለቤቱ ስማቸው በጋዜጣ እንዲነሣ አይፈልጉም፤ አንድ ደብር ለይቶ ‹‹ይህቺ ናት›› ካለ፣ በጽሑፍም ከፈረመ፣ አንዷን ሊመልሱ ይችላሉ። ሦስቱንም ግን አይደለም፤ በግምትም አይደለም።

‹‹ብቻ እርግጠኛ ሆነው አንዷን ያመልክቱኝ›› አለ።

እዚህ ላይ ያ ሽማግሌ ምን በእጁ እንደ ነበረ መታወቅ አለበት። ጣቱን ወደ አንዷ መቀሰር በቂ ነበር። ጥድ በር ላይ ሊያፋልሳቸው የሚችል ነፍስ የለም፤ የትኛዋም ብትሄድ ሕዝቡ አጎንብሶ ይቀበላታል፤ መስቀላቸው ይሳለማል፤ ፋንታሁን አፉን ይዘጋል። እስከዳር ይህ ገብቷት በአጎቷ ጆሮ፣ ባለ ኮከቧን ይበሉ አባባ፣ ማን ያውቃል ብላ ለመነቻቸው። የቄሰ ገበዝ እጅ ከጉልበታቸው ላይ ተነሣች፤ አየር ላይ ቆየች፤ ተመለሰች።

‹‹የሌላ ደብር እናት ብትሆንስ?›› አሉ። ‹‹እዚያም እንደኔ የቆመ ሰው ይኖራል።››

በዕውቀቱ ምን ላድርግልዎ ብሎ ጠየቃቸው፤ ከልቡ ነበር።

‹‹ሸፍኗቸው›› አሉ ቄሰ ገበዝ።

‹‹ተሸፍነውማ ለምን እናስቀምጣቸዋለን አባቴ? ሰው የሚመጣው ሊያያቸው ነው።››

ጨርቁን ከመስታወቱ ላይ አንሥተው አጣጠፉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞረው ለሦስቱም ሰገዱ፤ ከኋላቸው የነበሩ ጎብኚዎች እስኪነሡ ጠበቋቸው።

በማግስቱ አውቶቡሱ ሞላሌ ላይ ሲቆም፣ ለገበያ የተሰበሰቡ የደብራቸው ሰዎች በመስኮቱ ቀረቡ። እቅፋቸውን ተመለከቱ፤ ፊታቸውን ያየ የለም። ጥድ በር ደርሰው በስብሰባው ፊት ያደረጉትን ሁሉ ሳያስቀሩ ተናገሩ። አንዷን ለይታችሁ ውሰዱ መባላቸውንም፣ ጣታቸውን አለመቀሰራቸውንም አልደበቁም።

‹‹አንዷን አጣን ብለን ላክንዎት፤ ሦስት አድርገው መጡልን›› አለ ፋንታሁን።

ከኋላ በኩል ደግሞ አንድ ድምፅ፣ ሻጭ ከሆኑማ የትኛዋን እንደ ሸጡ እንዴት ይጠፋቸዋል አለ። ለቄሰ ገበዝ በጎ የተናገረላቸው ሰው ይህ ብቻ ነበር፤ እርሱም ለቀልድ ነው የተወሰደው። ሽማግሌዎቹ ወደ ቅርስ መሥሪያ ቤት አቤት እንበል አሉ፤ አሉም። አቤቱታቸው የመንግሥት መዝገብ እንዲታይ ታዘዘበት፤ መዝገቡም ታየ፤ ‹‹በጨርቅ የተጠቀለለ፣ አንድ›› የሚል ተገኘበት። በማሳያው ቤት ያሉት ሦስቱም በጨርቅ ያልተጠቀለሉ ስለሆኑ፣ ንብረቱ ያው ነው ለማለት እንደማይቻል ተገልጦ መልስ ተሰጠ። መልሱን የጻፈው ሰው ፈርሞበታል።

አስተርእዮ ደረሰች። ውርጩ በሜዳው ላይ ነጭ ሆኖ ሕዝቡ ጋቢውን ተከናንቦ የቅድስቱን ደጃፍ ሞላው። ሥዕል እንደሌለች ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ሌላ የሚያደርገውን አያውቅምና መጣ። ቄሰ ገበዝም የሚያደርጉትን አያውቁም ነበር፤ ዕቃ ቤቱን ከፈቱ፣ ሦስቱን ጨርቆች እንደ ነበሩ አንዱን በአንዱ ጠቀለሉ፣ በሁለት እጃቸው ታቅፈው ወጡ። ጥቅሉ ቀላል ነበር። ልማዱ እንደሚያዘው የመጀመሪያውን ገለጡ፤ ሁለተኛውን ገለጡ፤ ሦስተኛውን ሊገልጡ ሲሉ ሕዝቡ ሁሉ እንደ ነፋስ የመታው ገብስ አጎነበሰ።

ቄሰ ገበዝ ሦስተኛውን ሲገልጡ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። የሚፈሩት ፊት አልነበረም። በዕድሜያቸው ሁሉ አይተውት የማያውቁትን ያን ጊዜ አዩ፤ የደብሩን ሰው ጀርባ፣ የእናቶቹን ማጅራት፣ ከፊት ረድፍ በግንባራቸው የተደፉትን እማማ ሸዋረግን። በዚያ ሁሉ ጀርባ መካከል አንድ ራስ ብቻ ቀና ብሏል። ፋንታሁን ነው፤ እጃቸውን እያየ ነው።

ደወል ደዋዩ ጨርቁ እስኪመለስ ይጠብቃል። ከጨርቁ ሥር የገበዙ አውራ ጣት ልማዷን ይዛ ወደ ታችኛው ጠርዝ ወርዳ ስፍራዋን ትፈልጋለች። አላገኘችምና ጨርቁን አልመለሱትም፤ ሕዝቡም እንዳጎነበሰ ቆየ።